«ኮንቴምፖራሪ»ን «የንቀት» ብላ ተረጎመችው፤ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?

የማህሌት አባት (የካ አባዶ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሳቅም ጭንቀትም ይዤ መጥቻለሁ።

ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ ቃላት በቁና ሰፍሮ ሰጥቷቸዋል። ሁሉም በሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ቲ የሚጀምሩ ናቸው። ኮንቴይን፣ ኮንትራክት፣ ኮንታክት፣ ኮንትራስት፣ ኮንትሮል፣ ምኑ ቅጡ። ትርጉማቸውን ጽፋችሁ፣ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ ተባሉ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። እኛ ጋ መቼ አልጠፋ! በሻማ ቁጭ ብለን ስንሠራ «ኮንቴምፖራሪ አርት» ላይ ደረስን። ማሂ ሳታቅማማ «የንቀት ሥነ ጥበብ» ብላ ጻፈች። ከየት አመጣሽው ስላት «ከሱ በላይ ያለውን ኮንቴምፕትን ንቀት ነው አላልከኝም? ሁለቱም በሲ-ኦ-ኤን-ቲ-ኢ-ኤም-ፒ ነው የሚጀምሩት። ሰባት ፊደል ሙሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ እንዴት ይለያያል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በኛ ቋንቋ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት ስንል ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ማንም ያውቃል። እነዚህ ግን ሰባት ፊደል ተጋርተው ባዕድ ለባዕድ ናቸው። ይባስ ብሎ ሦስተኛም አለ፤ «ኮንቴምፕሌት»። እሱ ደግሞ በጥሞና ማሰብ ነው ይላል መዝገበ ቃላቱ። ንቀት፣ ዘመነኛ፣ ጥሞና። ምን አገናኛቸው?

የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። ሐሙስ ነው የምታስረክበው።

ባጃጅ ከቱሉ ዲምቱ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ልጅቷ ልክ ናት። አንዴ ሥዕል ማሳያ ተጋብዤ ሄጄ ነጭ ሸራ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ አይቻለሁ። ዋጋውን ስጠይቅ ባጃጄን ብሸጥ አልገዛውም። ንቀት ካልሆነ ምንድነው?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

የማህሌት አባት፣ ልጅህን ሳምልኝ። የጠየቀችው ጥያቄ እኔ ክፍል ውስጥ በዓመት አንዴ እንኳ አይጠየቅም። ሁሉም ሸምድዶ ነው የሚያልፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ኮን» ከላቲን የመጣ ቅጥያ ነው። መነሻው «ኩም» ነው፤ አብሮ፣ ከ... ጋር ማለት። ሦስቱም ቃላት የሚጋሩት ይህችን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ቀሪውን አራት እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ይዘውት የመጡ ናቸው።

«ኮንቴምፖራሪ» ውስጥ ያለው «ቴምፑስ» ነው፤ ጊዜ ማለት። አብሮ በአንድ ጊዜ የሚኖር፣ የዘመን ተጋሪ። ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቁ ዋናው ዲግሪ እስኪደርስ የሚሰጣችሁ «ቴምፖ» ከዚያው ቤት ነው። ቴምፖራሪ፣ ጊዜያዊ።

«ኮንቴምፕሌት» ውስጥ ያለው «ቴምፕሉም» ነው። የጥንት ሮማውያን ንግር ተመልካቾች የወፍ አበራረር አይተው መጪውን ለመናገር የሚከልሉት ቦታ ነበር። በኋላ ቃሉ ቤተ መቅደስን ሊያመለክት መጣ፤ ቴምፕል የሚባለው እሱ ነው። እዚያ ቆሞ ትክ ብሎ ማየት፣ ቀጥሎ ደግሞ በሐሳብ ትክ ብሎ ማየት። ጥሞናው ከዚህ መጣ።

«ኮንቴምፕት» ግን ከ«ቴምኔሬ» ነው፤ መናቅ። እዚህ ላይ «ኮን» አብሮ ማለቷን ትታ ማጠናከሪያ ሆናለች። አጥብቆ መናቅ እንደማለት።

ለማሂ አንድ ዘዴ ስጣት። «ኮን»ን ቆርጣ ታውጣና የቀረውን ጭራ ሌላ ቃል ላይ ትፈልገው። «ትራክት» ከቀረ ትራክተር ላይ ታገኘዋለች። ትራክተር ጎታች ነው፤ ኮንትራክት ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ጎትቶ የሚያቀራርብ ነገር ነው። ጭራው ሌላ ቦታ ከተገኘ ቤተሰቡ ታወቀ። ካልተገኘ ያንን ቃል ብቻውን ትሸምድደው። ኮንቴምፕትንም እንዲሁ ትሸምድደው፤ ጭራው «ቴምፕት» (መፈተን) ላይ የተገኘ ቢመስልም ያ ከሌላ ቤት ነው፣ ዘመድ የለውም ማለት ይቻላል።

እትዬ ኮንቴነር (አራብሳ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

እኔ ስሜን ያገኘሁት ኮንቴነር ውስጥ ሱቅ ስላለኝ ነው። ስኳርና ዘይት እሸጣለሁ እንጂ እንግሊዝኛ አልሸጥም። ግን ልጠይቅ፤ ይሄ ያለሁበት ቆርቆሮ ስሙ ከነዚህ ነው ማለት ነው?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

እትዬ፣ እንዴታ! «ቴይን» ማለት ያዘ ነው። ኮንቴይን፣ በአንድነት ያዘ። ኮንቴነር፣ መያዣ። የሚያምረው ደግሞ ይሄ ነው፤ «ኮንቴንት»ን በአማርኛ «ይዘት» እንላለን። «ይዘት» ከ«ያዘ» ነው። ላቲኑም አማርኛውም ሳይነጋገሩ አንድ መንገድ ሄደዋል።

ጭራውንም ፈልጉት። «ሜይንቴይን» አለ፤ «ሜይን» እጅ ነው፣ በእጅ መያዝ። «ቴናንት» አለ፣ ተከራይ። ቤት ያዥ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ኮንትራክት መጎተትና ማቀራረብ ነው አልኩ። የኛ «ውል»ስ? የክር ቋጠሮ ነው። «ውሉ ጠፋ» የምንለው ክሩ ሲተበተብ ነው። ውል አሰርን እንላለን። እንግሊዙ ጎተተው፣ እኛ ቋጠርነው።

እትዬ ኮንቴነር (አራብሳ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ተባረክ የኔ ልጅ። ነገ ዱቤ የሚጠይቀኝን ሁሉ በላቲን ነው የምመልሰው።

ባጃጅ ከቱሉ ዲምቱ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ቲቸር፣ ኮንዶሚኒየምስ? አብሮ ምን?

ጠበቃው (አያት)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ይህን ለኔ ተዉልኝ፣ የሙያዬ ነው። «ዶሚኒየም» በሮማውያን ሕግ ባለቤትነት ነው። ኮንዶሚኒየም ማለት አብሮ ባለቤት መሆን ነው። ስለዚህም ነው በኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995፣ «የጋራ ሕንፃ» የተባለው። ተርጓሚው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁ ይባረክ። ኮንን ወስዶ «የጋራ» አደረጋት።

አንድ እርማት ደግሞ አለኝ። የማህሌት አባት፣ ኮንቴምፕት ሁልጊዜ ንቀት ነው ብለህ እንዳታስጽፋት። ፍርድ ቤት ስትገባ ስሙ ይቀየራል። ዳኛ ፊት ስልክህ ከጮኸና መልሰህ ከተከራከርክ «ችሎት መድፈር» ነው የምትባለው። ናቅክ አትባልም፣ ደፈርክ ነው። በአማርኛ ንቀት ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ድፍረት ደግሞ አደባባይ የወጣ። ቃል በቃል ከተረጎምክ ይህ ልዩነት ያመልጥሃል።

ባጃጅ ከቱሉ ዲምቱ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡09

የጋራ! ደረጃው የጋራ፣ ታንከሩ የጋራ፣ የጣሪያው ማፍሰስ ግን የአራተኛ ፎቅ ሰው የግል ነው።

ቆይ አንድ ልጨምር። ኮንትሮባንድስ? አብሮ ባንድ? ድንበር ላይ ተደራጅተው ስለሚሠሩት ነው?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ወጥመዱ ውስጥ ገባህልኝ፤ ስጠብቅህ ነበር።

በሲ-ኦ-ኤን-ቲ ከሚጀምሩት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ተደባልቆ አለ። አንደኛው እስካሁን ያወራነው «ኮን» ነው፣ አብሮ። ሁለተኛው «ኮንትራ» ነው፤ ተቃራኒ፣ ፊት ለፊት። አንዱ ያስታርቃል፣ አንዱ ያጣላል። የማሂ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ በአንድ ሰልፍ ቆመዋል፤ ልጆቹ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም።

ኮንትሮባንድ «ኮንትራ» እና «ባንዶ» ነው። ባንዶ በጣልያንኛ የታወጀ ነገር ነው፣ አዋጅ። አዋጅን የተጻረረ ንግድ።

ኮንትራስት ያው ግልጽ ነው፣ ፊት ለፊት ማቆም። ኮንትራዲክት፣ ተቃራኒ መናገር። «ዲክት»ን ዲክቴሽን ላይ ታገኙታላችሁ።

ኮንትሮል ግን የኔ ተወዳጅ ነው። «ኮንትራ» እና «ሮቱሉስ»፣ ጥቅል ብራና። በመካከለኛው ዘመን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ጥቅል ላይ ይጽፋል። እንዳያጭበረብር ሌላ ሰው ያንኑ በሁለተኛ ጥቅል ይይዛል። ከዚያ ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጎ ማመሳከር። ኮንትሮል ይሄ ነው። አሁን «ቁጥጥር»ን እዩት፤ ከ«ቆጠረ» አይደለም የመጣው? ሁለቱም የሚነሱት ከሒሳብ ነው።

ማትሪክ ጠባቂ (ሱሉልታ)
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊቱን ሙሉ አነበብኳችሁ። ቲቸር፣ «ካንትሪ»ስ? አገር። እሱም በሲ-ኦ ጀምሮ ኤን-ቲ-አር አለው፣ መሐሉ ላይ ግን ዩ ገብታለች። እና «ካውንተር»? ኳስ ላይ ካውንተር አታክ እንላለን፣ ባንክ ቤት ደግሞ ካውንተር 3 ይሉሃል። የሚያጠቃ መስኮት አለ?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

የምሳ ሰዓት ስለሆነ ላሳጥር። (አላሳጠርኩም፣ ይቅርታ።)

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ገዢው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ፤ ብዙ የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ አፍ ታሽቶ ገባ። ያቺ መሐል የገባችው ዩ የዚያ መንገድ አቧራ ናት።

ካንትሪ ከኮንትራ ነው። «ኮንትራታ»፣ ከፊት ለፊትህ የተዘረጋ ምድር። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ፊትህ ያለው ሁሉ ኮንትራታ ነው። እኛም «ማዶ» እንል የለ?

ካውንተር ግን ሁለት ቃል ነው። የኳሱ ከኮንትራ ነው፣ መልሶ ማጥቃት። የባንኩ ግን ከ«ኮምፑታሬ» ነው፣ ማስላት። ገንዘብ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ። ኮምፒውተርም፣ አካውንትም፣ ካውንት ማድረግም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ የባንኩ ካውንተር የኮምፒውተር ወንድም እንጂ የኳሱ ካውንተር ዘመድ አይደለም። ፊደላቸው ግን አንድ በአንድ ይገጥማል።

ጋሼ መጋዘን (አቃቂ)
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

ልጆቼ፣ ደስ ትላላችሁ። ግን አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ የመቆራረጥ ነገር ሰው ያቃጥላል። በቀልድ አይደለም የምላችሁ።

ቃሊቲ መንገድ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ስሠራ ቲነር በበርሜል ይመጣ ነበር። በርሜሉ ላይ «ኢንፍላመብል» ተጽፏል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ፣ ጎበዝ ነኝ ባይ፣ «ኢን ማለት አይደለም ማለት ነው። ኢንኮሬክት ትክክል ያልሆነ፤ ኢንፍላመብል የማይቀጣጠል» ብሎ በርሜሉ ሥር ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት አወጣ። ጫኝና አውራጁ ከእጁ መንጥቆ ባይጥለው ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው ያዳነን። እሱ ቃሉን አላነበበም፣ ሽታውን ነው የሚያውቀው።

በኛ ጊዜ መዝገበ ቃላት ገልጠን፣ ጽፈን፣ በቃል ይዘን ነው። አይቆረጥም፣ አይቀጠልም።

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ልናገረው ነው፣ ይፈቀድልኝ።

«ኢን» ሁለት ናት። አንዷ አፍራሽ ናት፣ ልጁ ያሰባት። ሌላዋ ወደ ውስጥ የምታስገባ ናት። ኢንፍላመብል የሁለተኛዋ ነው፤ እሳት ውስጥ መግባት፣ መቀጣጠል። በዚህ የተሳሳተው የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1920ዎቹ «ኢን»ን አውጡና «ፍላመብል» ብቻ በሉ ብሎ የጎተጎተው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱም ቃላት አሉ፣ ትርጉማቸውም አንድ ነው፦ ተቀጣጣይ።

ግን ጋሼ፣ ልጁን የጎዳው መቁረጡ አይደለም። ቆርጦ ማቆሙ ነው። «ፍላም»ን ያዘና «ኢን»ን አንድ ብቻ ናት ብሎ ወሰነ።

ጠበቃው (አያት)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡22

እኛም እኮ አለን። «ኢ» ከግዕዝ ናት፣ አፍራሽ። ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ተማሪ ይህን ደንብ ይዞ «ኢትዮጵያ» ላይ ቢደርስ «ትዮጵያ ያልሆነ» ሊል ነው።

ባጃጅ ከቱሉ ዲምቱ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡26

«ባለቤት» ቤት ያለው፣ «ባለሙያ» ሙያ ያለው፣ «ባለሱቅ» ሱቅ ያለው። «ባለጌ»ስ ምን አለው?

እትዬ ኮንቴነር (አራብሳ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

አፍ አለው።

ማትሪክ ጠባቂ (ሱሉልታ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ። ፈተናው ላይ መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት የለም። አንድ የማላውቀው ቃል ካጋጠመኝ ሁለት ምርጫ ነው ያለኝ፤ መቁረጥ ወይም መገመት። ብቆርጥ ቢያንስ ከአራቱ መልስ ሁለቱን እጥላለሁ። ቲነር ላይ ግን አልሞክረውም፣ ቃል እገባለሁ።

ቲቸር፣ አንድ የሚያናድደኝ አለ። «ኮን» አብሮ ከሆነ ኮሚቴ፣ ኮሌክት፣ ኮኦፕሬሽን የሚሉትስ? ኤኗ የት ሄደች?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ጎረቤቷን እየመሰለች ነው። ኤም፣ ፒ ወይም ቢ ከተከተላት ኤም ትሆናለች፤ ኮሚቴ፣ ኮምፒውተር፣ ኮምባይን። ኤል ከመጣ ኤል፤ ኮሌክት፣ አብሮ መልቀም። አር ከመጣ አር፤ ኮሬክት፣ ማቅናት። አናባቢ ከመጣ ጭራሽ ትወድቃለች፤ ኮኦፕሬሽን፣ አብሮ መሥራት። የኢን ነገርም እንዲሁ ነው፤ ኢምፖሲብል፣ ኢሊጋል፣ ኢሬጉላር። ሁሉም ያቺው አፍራሿ «ኢን» ናት፣ ልብሷን ቀይራ።

ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስልህ። «ተሰበረ» እንላለን። ወደፊት ሲሆን «ይሰበራል»። ተ የት ገባች? ሰ ውስጥ ሰጥማለች። ለዚህ ነው እዚያ ላይ ሰ ጠብቃ የምትነበበው። አንተ በየቀኑ በአፍህ የምትሠራውን ነው ሮማውያንም የሠሩት።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አስጠንቅቄህ ልተኛ። «ኮርፖሬሽን» ስታይ ኮሬክት ላይ ያለችው «ኮር» እንዳትመስልህ። እሱ ከ«ኮርፑስ» ነው፣ አካል። ብትቆርጠው «ፖሬሽን» ይቀርሃል። ጭራ ፍለጋ ብትሄድ ኮርፖሬት ብቻ ነው የምታገኘው፣ እሱም ራሱ ነው። ጭራው ብቻውን የትም ካልተገኘ መቁረጫህን መልሰህ ኪስህ ክተት።

ጋሼ መጋዘን (አቃቂ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ይሄ የመጨረሻው ጥሩ ነው። መልሰህ ኪስህ ክተት። ክብሪቱንም ጨምር።

የማህሌት አባት (የካ አባዶ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወገኖቼ፣ ውጤት ይዤ መጣሁ።

ማሂ ዝርዝሩን ሁለት ቦታ ከፍላ ጻፈችው። በግራ «አብሮ» የሚል ርዕስ፣ በቀኝ «ፊት ለፊት» የሚል። ኮንቴምፕትን ከሁለቱም አውጥታ ለብቻው ከታች አስቀመጠችው፤ አጠገቡ «ዘመድ የለውም» ብላ ጽፋለች። ኮንቴምፖራሪ አርት «የዘመናችን ሥነ ጥበብ» ሆኗል፤ ባጃጅ፣ ይቅርታህን።

መምህሩ ከአንድ በቀር ሁሉንም ትክክል ብሎታል። የተሰረዘው የቱ ቢሆን ጥሩ ነው? ካንትሪ። ከራሷ ጨምራ ቀኝ በኩል ከኮንትሮባንድ ሥር አስገብታው ነበር። በቀይ አክብቦ «ይህ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ሰኞ እጄን አውጥቼ አስረዳለሁ ብላ ስለ 1066 በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋለች። መምህሩ መልካም ሰው ነው፣ አይቆጣም ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ዝርዝር መጥቷል። በፒ-አር-ኦ የሚጀምሩ። ፕሮግረስ፣ ፕሮሚስ፣ ፕሮቴክት፣ ፕሮጀክት... ቲቸር፣ አለህ?

ቲቸር ነኝ (ለገጣፎ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

አለሁ። «ፕሮ» ወደ ፊት ነው። «ጀክት» መወርወር ነው፤ ኢንጀክሽን፣ ወደ ውስጥ መወርወር። ፕሮጀክት፣ ወደ ፊት የተወረወረ። ሌሎቹን እሷ ራሷ ትቁረጣቸውና ነገ እናያቸዋለን።

ባጃጅ ከቱሉ ዲምቱ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡44

ቆይ፣ ቆይ። ኮንዶሚኒየሙን «ፕሮጀክት ስንት ነህ?» እየተባባልን የምንጠራው ለካ ለዚህ ነው! እኔን ከአብነት ወርውረውኝ ቱሉ ዲምቱ ነው ያረፍኩት።

እትዬ ኮንቴነር (አራብሳ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡47

አንተስ ደህና አርፈሃል። እኔ አራብሳ ከወደቅኩ እስካሁን እየተንከባለልኩ ነው።